የዳለቻ ዓይን

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያው ዳር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ የፈረስ ላብ ሸተተኝ። ዞር ብል የገብስ ጭድ ጭኖ ከገጠር የገባ አንድ ጋሪ ከባጃጆቹ መሀል ተቀርቅሮ ቆሟል። የፈረስ ላብ ዝናብ ከጠጣ ቆዳ ጋር ሲቀላቀል ልዩ ሽታ አለው፤ ጎምዘዝ ይላል፣ ደግሞ ሞቅ ይላል። የባጃጁ ሹፌር "እማማ፣ ይገባሉ አይገቡም?" ቢለኝ በእጄ ሂድ ብዬ አሳለፍኩትና በእግሬ ወደ ቤቴ አዘገምኩ። ጉልበቴ ነገሩን አልወደደውም። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ጋሽ ከድርን ነው። እሳቸው ከሞቱ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ።

ያኔ ሮቤ የጋሪ ከተማ ነበረች። እኛ የጎባ ልጆች እንንቃት ነበር። ጎባ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ ያለባት ትልቅ አገር፤ ሮቤ ደግሞ ጭቃና ስንዴ። ሥራ ጀምሬ እዚያ ስመደብ እናቴ የለቅሶ ያህል አዘነች። በዚያ ዘመን ስሙኒ የሰጠ ከመናኸሪያው እስከ ወፍጮ ቤቱ በጋሪ ይንፈላሰሳል። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉትዬ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል አላቸው፤ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ቃጭሉ ይቀድምና ፈረሱ ከኋላው ብቅ ይላል። ጎረምሶቹ ጋሪ ነጂዎች የቤልቦተም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ከላይ ሹራብ ደራርበው፣ ከሻይ ቤቱ የሚወጣውን የቴፕ ዘፈን እየተቀበሉ ያልፋሉ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ግማሹ ዘፈን በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ማንም ልዩነቱን አይቆጥርም። እኔ የአባቴን አሮጌ ካፖርት አስጠብቤ፣ በላስቲክ ቦት ጫማ፣ የመርፌ ሣጥኔን አንግቤ በዚያ ጭቃ ስሄድ የሻይ ቤቱ በረንዳ ይስቅብኛል። "ሴት ልጅ ላም ልታዋልድ!" ይላሉ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ማዕረጌ ረዳት የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ዶክተር" አለኝ። መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።

በዚያው ዓመት የእብድ ውሻ በሽታ ገባ ተባለና ውሻ ማጥፋት ታዘዘ። መርዝ የተነከረ ሥጋ በባልዲ ይዘን ከጎህ ጀምሮ በየመንገዱ ማዕዘን የምንጥለው እኛ ነን። ክትባት ለሁሉ ስለማይዳረስ፣ ሰው እንዳያልቅ ተብሎ ነው፤ ምክንያቱን ዛሬም አላቃልለውም፤ በዚያ በሽታ የሞተ ሕፃን አይቻለሁ። ነገር ግን የክሊኒኩ ዘበኛ ጃሎ የሚባል ነጭ ውሻ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያው ተቀብሎኝ እስከ ቢሮዬ ደጃፍ የሚሸኘኝ እሱ ነው። ዘበኛው ያን ሰሞን ለቅሶ ሄዶ ነበርና ውሻውን የሚያስር አልተገኘም። እኔም ረሳሁ። ጃሎ ከየት እንደበላው አላውቅም፤ የመጣው ግን ወደ እኔ ነው። ከቢሮዬ ደፍ ላይ ወድቆ እንደ እንጨት እየደረቀ፣ እየተወራጨ፣ ትንሽ ፋታ ሲያገኝ ጭራውን እየነቀነቀ ግማሽ ቀን ሙሉ ሞተ። ልክ ነው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሞተ ነው የምለው። ኃላፊዬን ሄጄ፣ "ቢያንስ ቶሎ የሚገላግለው ነገር እንስጠው" ስለው ቀና ብሎ አየኝ። "አስቴር፣ ውሻ አይታለብም" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱ ለላም ነው የመጣው፣ ላም የምትሰጠውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር በውስጤ ተተከለ፦ ማዳን ያቃተንን እንስሳ ቢያንስ ሳናሰቃየው መሸኘት አለብን የሚል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ሰው እንኳ በወጉ በማይሞትበት አገር።

ጋሽ ከድርን ያወቅኳቸው በቀጣዩ ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳዎቹን ያጋመሱ፣ ረጅም፣ ራሳቸው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው ጋሪ ነጂ ነበሩ። ፈረሳቸው ዳለቻ ይባላል፤ መልኩም ስሙም ያው ነው። ሌላው ጋሪ ነጂ አለንጋ ሲያጮህ እሳቸው "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ዳለቻ ያችን ቃል ሰምቶ ይቆማል፣ ያችኑ ቃል ሰምቶ ይሄዳል፤ ልዩነቱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ክሊኒክ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው ጭቃ ነው።

"ዶክተር፣ ዳለቻ ሻያ ድልድይ ጋ ተሰበረ። የፊት እግሩ ነው፣ አጥንቱ ወጥቷል።"

"መቼ ነው?"

"ትናንት ወዲያ። ሰዉ 'ተወው፣ ጅብ ይገላግለዋል' አለኝ። እንዴት ብዬ ልተወው? ዱላ ይዤ አብሬው አደርኩ። ዛሬ ግን እኔም ደክሞኛል። ጅቡ ማታ በቁሙ ይበላዋል።"

የተሰበረ የጋሪ ፈረስ ዕጣው ይኸው ነበር፤ ከከተማ ዳር ይተዋል፣ የቀረውን ሌሊቱ ይጨርሳል። ፈረስ አይታረድ፣ አይበላ፤ መሣሪያ ያለው ሰው ቢገኝም ጥይት ለፈረስ አያወጣም። ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ከጥግ፣ ድሮ ሠርተው ከሄዱ ባለሙያዎች የተረፈ ሣጥን ነበረ። በውስጡ ፈረስ ለመጣል የሚያገለግል መድኃኒት እንዳለ አውቃለሁ፤ ኮርስ ላይ ስሙን ሰምቻለሁ። የሚጥል ሁሉ የሚያስተኛ መስሎኝ ነበር።

ሻያ ወንዝ ዳር ዝናቡ ያካፋል። ዳለቻ ሲያየን ጆሮውን አቀና። ጋሽ ከድር አንገቱን አቅፈው "ሱታ" አሉት፣ እኔ መርፌውን ወጋሁት። ብዙ አልቆየም። ጡንቻው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንደ ማቅ ተዘረጋ። ጸጥ አለ። እግሩን አላወራጨም፣ አላቃሰተም። የጃሎን አሟሟት ላየ ሰው ይህ ጸሎት ይመስላል። ዓይኑ ብቻ ተከፍቶ ቀረና አንድ መስመር እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ።

"ያለቅሳል እንዴ?" አሉኝ ጋሽ ከድር።

"የለም፣ ተኝቷል። ምንም አይሰማውም። ዓይን ዝም ብሎ ያነባል።"

"አላህ ይስጥሽ" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። እኔ ወደ ከተማ የተመለስኩት እየቀለለኝ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ፓስቲ በልቻለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለዲግሪ ቢሾፍቱ ተላክሁ። ቢሾፍቱ ሞቃት አገር ነው፣ ለባሌ ሰው ይከብዳል። ካፖርቴን ሣጥን ውስጥ ከትቼ፣ ባለ አበባ ቀሚስ ገዝቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ እየተነሳሁ ሰው መሰልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ መድኃኒቶች ስንማር መምህራችን የዚያን መድኃኒት ስም ጠራ። እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ነው የተናገረው፦ "ይህ ጡንቻን እንጂ አእምሮን አያስተኛም። ብቻውን የተሰጠው እንስሳ መንቀሳቀስ አይችልም፣ መተንፈስ አይችልም፤ ሁሉንም ነገር ግን ያውቃል፣ ይሰማዋል።" ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ጓደኞቼ ጻፉ። እኔ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት ነገር የለም። ዳለቻ አልተኛም ነበር። ታፍኖ ነው የሞተው፤ እያየ፣ እየሰማ፣ አንገቱን ያቀፉትን ሰው ድምፅ እያወቀ። ጃሎ እንኳ መጮህ ችሏል።

ትምህርቴን ጨርሼ ሮቤ ስመለስ መጀመሪያ የተቀበሉኝ ጋሽ ከድር ናቸው። ሌላ ፈረስ አልገዙም፤ ጋሪያቸውን ሸጠው ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆነዋል። "ይቺ ናት የኔን ዳለቻ ያለ ሥቃይ የሸኘችው" እያሉ ለአገሩ ሁሉ አውርተውልኛል። ሰው መጥቶ እጄን ሲጨብጥ፣ ሲመርቀኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አንድ በጋ አለፈ። ከዚያ ሌላ። የዘገየ ነገር እንደ ደረቀ ሊጥ ነው፤ ካለፈ በኋላ አይቦካም።

በሙሉ ዶክተርነቴ ግን አንድ ሥራ ጀመርኩ፤ የማይድን ውሻ፣ ድመት፣ የጋሪ ፈረስ ያለበት ሰው ሲጠራኝ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። የሚያስተኛውን መድኃኒት አዲስ አበባ ካሉ የትምህርት ጓደኞቼ እየለመንኩ በጥቂት በጥቂቱ አስመጣለሁ። መጀመሪያ የሚያረጋጋው፣ ከዚያ በደንብ ሲተኛ የመጨረሻው። ጋሽ ከድር ሳልጠራቸው ተከተሉኝ። ከወፍጮ ቤቱ ፈቃድ ጠይቀው፣ ዱቄታቸውን አራግፈው ከጎኔ ይሄዳሉ። ባለቤቱን በኦሮምኛ የሚያረጋጉት፣ "ፍጡርን ማሰቃየት ነው ሐራሙ" እያሉ የሚያስረዱት፣ እንስሳውን አቅፈው "ሱታ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠባይ ነበራቸው። ከሁለተኛው መርፌ በፊት እጄን ይይዙና "ቆይ" ይሉኛል። ጣታቸውን ወደ እንስሳው ዓይን ጥግ ወስደው በስሱ ይነኩታል። ዓይኑ ካልተርገበገበ ብቻ "በይ" ይሉኛል። አንዳንዴ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይነካሉ። ይህን ዘዴ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ እሳቸው ግን እንደ ሃይማኖት ያዙት። የፍቅር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ዞርን። ከአጋርፋ እስከ ጎባ፣ አንዴም እስከ ሪራ ድረስ። ዘመን ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ የጎባና የሮቤ ታክሲ ከአንድ ብር ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አምስት ወጣ፤ ቤልቦተሙ ጠፋ፣ ጂንስ መጣ፣ ቴፑ ቀርቶ ዘፈኑ ከስልክ ወጣ። ከሁሉ የማልረሳው የጎባውን ጡረተኛ መምህር ነው። ከሰሜን ለሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ነበሩ። ሻምበል የሚባል ውሻቸው ሆዱ ውስጥ እባጭ ወጥቶበት ውሃ እንኳ አልወርድለት አለ። ስንደርስ መምህሩ ሱፍ ልብሳቸውን ከከረባት ጋር ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው በር ላይ ጠበቁን። ሻምበልን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ጆሮውን እያሻሹ፣ "እኔ ቀድሜ ብሞት ኖሮ በሬ ላይ ሆኖ የሚጮህልኝ እሱ ነበር። አሁን ማን ሊጮህልኝ ነው?" አሉ። ጋሽ ከድር ጣታቸውን ልከው የሻምበልን ዓይን ነኩ፣ እንደገና ነኩ፣ "በይ" አሉኝ። መምህሩ በቀጣዩ መስከረም ሞቱ። ቤታቸው ተቆልፎ ስንት ቀን እንደቆየ ጎረቤት እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ኋላ ኋላ መድኃኒቱ ጠፋ። ጓደኞቼ ጡረታ ወጡ፣ ከአገር ወጡ፣ ሞቱ። አዲሶቹ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ወረዳውን ሙሉ የሚያካልሉት በአንድ ሞተር ሳይክል ነው። አንዱን ይህን ሥራ እንዲቀጥል ብጠይቀው በትሕትና አዳመጠኝና፣ "ዶክተር፣ የሚድነውንም አልደረስንበት" አለኝ። ምን ይባላል? ልክ ነው። ፈረሶቹም በባጃጅ ተተኩ። ያረጁትን ማንም ሊመግባቸው አልፈለገም፤ ባለቤቶቻቸው ልጓም ፈትተው ለቀቋቸው። አንድ ሰሞን በሮቤ መውጫ፣ በስንዴው ማሳ ዳር፣ ጎናቸው የቆሰለ ፈረሶች በዝናብ ቆመው ይውሉ ነበር። ከጋሽ ከድር ጋር በዚያ ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ሌላ ወገን እናያለን። በሣጥኔ ውስጥ የነበረው ለአንድ ድመት አይበቃም።

ጋሽ ከድርን የጉሮሮ በሽታ ያዛቸው። መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ ቀጥሎ ወተት አልወርድ አለ። ሐኪሞቹ መርምረው ጊዜው አልፏል፣ ቤታቸው ሆነው ይታመሙ አሉ። ማስታገሻ ተሰጣቸው፤ ለጥቂት ሰዓት ይዟቸው ይቆይና ይለቃቸዋል። በየቀኑ እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ በርጩማ ያቀርቡልኛል፣ ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ማርና ውሃ የባላቸው ከንፈር ላይ ያንጠባጥባሉ። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጋሽ ከድር በእጃቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

ደነገጥኩ። ገባቸው መሰለኝ።

"አይ፣ እሱን አይደለም። የሰው ነፍስ የአላህ ናት፣ እሱን አልጠይቅሽም። ስለ ዳለቻ ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ተኝቶ ነበር?"

ለዚህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስዘጋጅ ኖሬያለሁ።

"አልተኛም ነበር" አልኳቸው። "ያኔ አላወቅኩም፣ በእግዚአብሔር ስም። ቢሾፍቱ ነው ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ ልነግርዎ ፈራሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"እንዳልተኛ ነዋ። ስንት ዓመት አብሬው ውዬ የፈረሴን ዓይን ላላውቅ? እያየኝ ነበር። ነፍሱ እስክትወጣ እያየኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ለሰዉ ሁሉ እኔን ያመሰግኑ ነበር?"

"ምን ልበል? ፈረሴን አሳፍኜ ገደልኩት ልበል? የጠራሁሽ እኔ አይደለሁም?" ትንፋሽ አጠራቸውና ቆዩ። "ከዚያ ደግሞ ሰዉ ሊጠራሽ ጀመረ። በኔ ወሬ ነው የሚጠራሽ። ስለዚህ ተከተልኩሽ።"

"እኔ እኮ ወደውኝ መስሎኝ…"

"እጅሽን ልጠብቅ ነው የተከተልኩሽ፣ ዶክተር። ሌላውን እንደሱ እንዳታደርጊው።"

ከበርጩማው ወርጄ ልንበረከክ ቃጣኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ በእያንዳንዱ ቤት፣ "ቆይ" እያሉ እጄን ሲይዙ ምን እየያዙ እንደነበር ገባኝ። "አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ ከድር" አልኳቸው። እናንተ ይቅርታ የምትሉትን በእኛ አገር እንዲያ ነው የምንለው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው በቀለለኝ።

"አፉ ማለት ያለበት ዳለቻ ነው" አሉኝ። "እሱ ደግሞ አፍ የለውም።"

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። መሄዴን አላቋረጥኩም፤ እሳቸውም አትምጪ አላሉኝም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አንድ ሁለት ቃል እንጂ ሌላ አልተነጋገርንም። ሲያማቸው ግድግዳውን በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ፤ ጭቃው ተልጦ ጭዱ ታየ። በሕይወቴ የሸኘኋቸውን ውሾችና ድመቶች አስባለሁ፣ እጄን ቀሚሴ ላይ አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እጄ እንዲያ ከብዶኝ አያውቅም።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጸጥ አሉ። መቧጠጡ ቆመ፣ እግራቸው ተዘረጋ፣ ትንፋሻቸው በሩቁ ይመላለስ ጀመር። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል። እትዬ ዘይነባ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበሱና ወደ እኔ ዞሩ።

"አስቴርዬ፣ መቼም ይህን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። አሁን ተኝቷል አይደል? አይሰማውም አይደል?"

እጄን ወደ ጋሽ ከድር ዓይን አነሳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ መለስኩት። ቢርገበገብስ? ከዚያ በኋላ የማደርገው ምን አለኝ? እትዬ ዘይነባ መልሴን እየጠበቁ ነው፤ አንዲት ቃል ነው የሚፈልጉት፣ ቃሏም አፌ ላይ አለች።

"አላውቅም፣ እትዬ ዘይነባ" አልኳቸው። "አላውቅም።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። ጨርቁን ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ጥለው በመዳፋቸው አፋቸውን ከደኑ። ጋሽ ከድር የዐስር ሰላት ሲጠራ አለፉ።

እትዬ ዘይነባ እስከ ዛሬ አያናግሩኝም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሻርፓቸውን ሳብ አድርገው በሌላው ወገን ያልፋሉ። ለጎረቤት፣ "ባሌ ሲሞት ያችን አንድ ቃል ነፈገችኝ" ብለው እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው።